እግዚአብሔር ባለቤቴን እንደሚፈውሰው ቃል ገብቶልኛልን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የባለቤቴ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ከዓመት በላይ ሆኗል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። መኪናችንን ሸጠናል፣ የዕቁቡም ገንዘብ አልቋል፤ አሁን የምንከፍለው ከዘመድ እየተበደርን ነው። ሕመሙ እንደ ጀመረው አንዲት እኅት በኤርምያስ 29፥11 ያለውን የተስፋ ቃል በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፤ ግድግዳ ላይ ለጥፌ በየዕለቱ አነበዋለሁ። በቅርቡ አንድ አገልጋይ ቤታችን መጥቶ ከጸለየ በኋላ «ፈውሱ ተፈጽሟል፤ ከእንግዲህ እጥበቱን መቀጠል የእግዚአብሔርን ቃል አለማመን ነው» አለን። ባለቤቴ ሊያቆም ፈልጓል። እኔ ግን ፈርቻለሁ፤ መፍራቴን ሳስብ ደግሞ ፈውሱን የከለከለው የእኔ ጥርጣሬ ይሆን እያልሁ እጨነቃለሁ። የ13 ዓመቷ ልጃችንም «እግዚአብሔር አባዬን እፈውሰዋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ጊዜ የማይሰጠውን ነገር እናስቀድም፤ ባለቤትዎ እጥበቱን እንዳያቋርጡ እንለምንዎታለን። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ሰው እጥበቱን ሲተው፣ ኩላሊት ያስወግደው የነበረው ውሃና ፖታሲየም ሌላውም ቆሻሻ በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ብዙውን ጊዜም በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል። የተባለው ፈውስ በእርግጥ ተፈጽሞ ከሆነ የደም ምርመራው ያሳየዋል፣ እጥበቱንም ሐኪሙ ራሱ ያስቆመዋል። ጌታችን ኢየሱስ አሥሩን ለምጻሞች «ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ብሎ የላካቸው፣ በሕጉ መሠረት የለምጻም መንጻት በካህን ታይቶ ይረጋገጥ ስለ ነበር ነው። ከእግዚአብሔር የሆነ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

ተስፋንና ሕክምናን የሚያጣላ ትምህርት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አናገኝም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ ያመጣለት ቃል እጅግ ቁርጥ ያለ ነበር፤ በ3ኛው ቀን ወደ እግዚአብሔር ቤት ይወጣል፣ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ይጨመርለታል። ይህን ቃል የተናገረው ያው ነቢይ ወዲያውኑ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20፥5-7)። ቃሉ በለሱን አላስቀረውም፣ በለሱም ቃሉን አላቃለለውም። በአገራችንም ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከኤች አይ ቪ ሕሙማን መካከል መድኃኒታቸውን ትተው በጸበል ብቻ የሚቆዩ በነበሩበት ወቅት፣ በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ፣ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ ባለቤትዎን ወደ እጥበት ይዘው ሲሄዱ እምነትዎን እቤት ትተው እየሄዱ አይደለም። ሐኪሙንም ስለ ንቅለ ተከላ ይጠይቁት፤ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገር ውስጥ ይህን ሕክምና ያገኙ ወገኖች አሉ። ወንድም ለወንድሙ ኩላሊቱን ቢሰጥ የእግዚአብሔር እጅ አጠረች ማለት አይደለም።

አሁን ግድግዳዎ ላይ ወደ ለጠፉት ቃል እንመለስ። እንዲያነሡት አንመክርዎትም፤ ነገር ግን ሙሉውን ምዕራፍ፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ምዕራፎች ጋር፣ አብረው እንዲያነቡት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም እርስዎ ዛሬ የሚያስጨንቅዎት ክርክር በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም በአደባባይ ተደርጓል። ባቢሎናውያን ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ከእርሱም ጋር ብዙ ሕዝብ ማርከው ወስደዋል። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በእግዚአብሔር ቤት፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ፣ በ2 ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹም የተዘረፉትም ዕቃዎች ሁሉ እንደሚመለሱ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ፤ ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ በአንገቱ ላይ የተሸከመውንም ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ ይህን ሲሰማ አስቀድሞ የተናገረው ቃል «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» የሚል ነበር። በሕዝቡ መከራ ደስ የሚሰኝ ሰው አልነበረም፤ የሐናንያ ቃል እውነት ቢሆንለት ይወድ ነበር። ነገር ግን እውነት አልነበረም፤ እግዚአብሔር ሐናንያን ሕዝቡን በሐሰት ቃል እንዲታመኑ አድርገሃል ብሎ ፈረደበት፣ ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ (ኤርምያስ 28)። ቤትዎ የመጡትን አገልጋይ ሐሰተኛ ነቢይ ለማለት አንደፍርም፣ ልባቸውን አናውቅምና፤ የተናገሩት ቃል ግን እግዚአብሔር ያልሰጠውን ቀን በእግዚአብሔር ስም የሚቆርጥ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል አለመቀበል እግዚአብሔርን አለማመን ተደርጎ ሊቆጠርብዎት አይገባም።

ግድግዳዎ ላይ ያለው «ፍጻሜና ተስፋ» የሚለው ቃል እንግዲህ ኤርምያስ ለእነዚያ ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ውስጥ የተጻፈ ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር መመለሳቸው ከ70 ዓመት በኋላ እንደሆነ ይናገራል። ደብዳቤው በባቢሎን ሲነበብ የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው፣ ወደ አገሩ የሚመለሰው እርሱ ሳይሆን ልጁ ወይም የልጅ ልጁ እንደሆነ ወዲያውኑ ተረድቷል። ሆኖም ለዚያ ሰው የተነገረው እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ የሚል አይደለም፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስለምትኖሩባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ የሚል ነው። ቃሉ ለእርስዎ ምንም የለውም ማለታችን ከቶ አይደለም። ያን ተስፋ የሰጠው አምላክ ዛሬም ያው ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ እንደሚያስተምረን የእግዚአብሔር ተስፋዎች ሁሉ በክርስቶስ ጸንተዋል፣ የክርስቶስ የሆነም ሁሉ የእነርሱ ተካፋይ ነው። ቃሉ የማይነግረን ባለቤትዎ በየትኛው ወር ወይም በየትኛው መንገድ እንደሚድኑ ነው።

ተስፋን ማመን በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚያ ምዕራፍ ይልቅ 32ኛውን ምዕራፍ ደጋግመው እንዲያነቡ እንመክራለን፤ በእኛ አስተያየት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለእርስዎ ሁኔታ ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ዘመኑ የንጉሡ ሴዴቅያስ 10ኛ ዓመት ነው። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቧል፣ የአፈሩ ድልድልም እስከ ከተማይቱ ድረስ ደርሷል፤ ኤርምያስ ራሱ በንጉሡ ቤት በዘበኞች አደባባይ ታስሯል። በዚህ መካከል የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ ከኢየሩሳሌም 5 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ አለው። ከተማ በተከበበበት፣ ምድሩም በጠላት እጅ በሚገባበት ሰዓት መሬት የሚገዛ ማን ነው? ኤርምያስ ግን የእግዚአብሔር ቃል መሆኑን ስላወቀ፣ ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ማለትም 17 ሰቅል ብር መዘነ፣ ውሉን ፈረመ፣ ምስክሮች አስፈረመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ውል ለብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖራቸው ለጸሐፊው ለባሮክ ሰጠው። ያደረገው ሁሉ በዚያች ምድር እንደ ገና ቤትና እርሻ፣ የወይንም ቦታ ይገዛል የሚለውን ተስፋ በመታመን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ እኛ ልናልፈው አንፈልግም። ኤርምያስ ውሉን ካስረከበ በኋላ ጸለየ። ጸሎቱ የሚጀምረው ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር እንደሌለ በመመስከር ነው፤ የሚያበቃው ግን በግራ መጋባት ነው። ጌታ ሆይ፣ ከተማይቱ በከለዳውያን እጅ ተሰጥታ ሳለ አንተ እርሻውን በብር ግዛ ትለኛለህ! ታዝዞ ብሩን ከከፈለ በኋላ ይህን የተናገረ ሰው፣ በእምነቱና በፍርሃቱ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ወደ እግዚአብሔር አቀረበ እንጂ አንዱን አልደበቀም። እግዚአብሔርም አልገሠጸውም። እኔን የሚያቅተኝ ነገር አለን ብሎ ጠየቀው፤ ቀጥሎም ከተማይቱ በእርግጥ እንደምትቃጠል፣ ሕዝቡም በእርግጥ እንደሚመለስ፣ ሁለቱንም ነገረው። ነገሩም እንደ ተባለው ሆነ። ኢየሩሳሌም በማግስቱ ዓመት ወደቀች፣ መቅደሱ ተቃጠለ፣ ኤርምያስ ሳይወድ ወደ ግብፅ ተወሰደ፤ ተመልሶ እርሻውን እንዳረሰ መጽሐፉ አይነግረንም። ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ በፋርስ ንጉሥ በቂሮስ አዋጅ የተመለሱት ሰዎች ሲቆጠሩ ግን ዕዝራ በመዝገቡ መካከል የዓናቶት ሰዎች 128 ብሎ ጽፏል (ዕዝራ 2፥23)። ስም ዝርዝር ስለሆነ ብዙዎቻችን ሳናነብ የምናልፈው ቁጥር ነው፤ የነቢዩ 17 ሰቅል ከንቱ እንዳልነበረ ግን ይመሰክራል።

ስለዚህ መፍራትዎ ፈውሱን ከልክሎ እንደሆነ ለጠየቁት ጥያቄ መልሳችን አይደለም የሚል ነው። ልጁን ይዞ የመጣው አባት በጌታ ፊት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ሲጮኽ ልጁ ተፈውሶለታል፤ ጌታ እምነትህ ሙሉ እስኪሆን ድረስ ቆይ አላለውም። ብዙ ድውዮችን የፈወሰው ጳውሎስ ደግሞ የአገልግሎት ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደ ተወው ይጽፋል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)፤ በእርሱም ሆነ በጥሮፊሞስ ላይ የእምነት ጉድለት ተቆጥሮ አናገኝም። በታመመ ሰው ቤት ገብቶ የሕመሙን ምክንያት በሚስቱ ጥርጣሬ ላይ መጫን ከባድ ጭካኔ ነው፤ ማንም ይናገረው ማን፣ እባክዎ ይህን ሸክም አይሸከሙት። ፈውስን ግን በድፍረት ይለምኑ። ሐዋርያው ያዕቆብ እንዳዘዘው የቤተ ክርስቲያናችሁን ሽማግሌዎች ጠርተው ያስጸልዩ፤ ሦስቱ ወጣቶች በናቡከደነፆር ፊት እንዳሉትም አምላካችን ሊያድን ይችላል፣ ባያድነንም ከእርሱ አንለይም ማለት ጸሎቱን ደካማ አያደርገውም።

ስለ ብድሩ ያነሡት ጉዳይም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። እግዚአብሔር የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ይሞላባችኋል የሚለው የጳውሎስ ቃል የተጻፈው፣ ለእርሱ ገንዘብ አዋጥተው በአፍሮዲጡ እጅ ለላኩ የፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች ነው፤ የእግዚአብሔር መግቦት አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ በኩል ይመጣል። ችግራችሁን ለዕድራችሁና ለቤተ ክርስቲያናችሁ መሪዎች የእጥበቱን ወጪ በቁጥር አስቀምጠው ይንገሩ። ደብዳቤዎ የሚናገረው ስለ ዘመድ ብድር ብቻ ነው፤ ምናልባት እስካሁን ጉባኤው የሚያውቀው የባለቤትዎን መታመም ብቻ እንጂ መኪናው መሸጡን አይደለም።

ለልጅዎ እውነቱን ይንገሯት፤ በ13 ዓመቷ እውነቱን ልትሸከም ትችላለች፣ የምትሸከመው ግን ከእናንተ ጋር ሲሆን ነው። እኛ ብንሆን እንዲህ እንላታለን፦ «እግዚአብሔር አባዬን በዚህ ቀን አድነዋለሁ ብሎ ቃል አልገባልንም፤ ስለዚህ በየቀኑ እንለምነዋለን፣ ሐኪሞቹም ያክሙታል። ቃል የገባልን ግን አለ። አልተዋችሁም ብሎናል። ሞትም ቢሆን ሕይወትም ቢሆን ከክርስቶስ ፍቅር ሊለየን እንደማይችል ነግሮናል። በእርሱ የሚያምኑትንም ከሙታን ያስነሣቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ላይ አባዬም እኔም አንቺም መደገፍ እንችላለን።» ከዚያም እንድትጠይቅ ዕድል ይስጧት፤ ከጥያቄዎቿ አንዳንዶቹ መልስ የማይገኝላቸው ቢሆኑም አትከልክሏት። ከተቻለ ባለቤትዎም አብረው ይቀመጡ፤ ልጅ ስለ አባቷ ሕመም የምታምነው አባቷ ራሱ ሲናገር ነው። አብራችሁ ለመጸለይም መዝሙር 13ን ልትጀምሩበት ትችላላችሁ። 6 ቁጥር ብቻ ነው፤ «አቤቱ፣ እስከ መቼ?» ብሎ ይጀምራል፣ እርሷም የራሷን እስከ መቼ በራሷ ቃል ትጨምርበት።