ፑሉን አትተወው፣ ግን ሲጠየቅ ይልቀቅ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለመለማመድ ብለህ ሊኑክስ ላይ ትንሽ የግራፊክስ ድራይቨር (ጂፒዩውን፣ ማለትም የሥዕል ቺፑን የሚያዝ ፕሮግራም) ጽፈሃል። መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲፒዩው ይጮህ ነበር። እሱን ለማብረድ የተለቀቁትን ፔጆች (ሜሞሪ የሚታደልባቸውን ቁራጮች) አስቀምጠህ መልሰህ የምትጠቀምበት ፑል ሠራህ፤ ፍጥነቱ መጣ። አሁን ደግሞ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕህ ብሮውዘር ሲከፈትበት ድርቅ ብሎ ይቀራል። «ፑሉን ልተወው ወይ?» ነው ያልከው።

አትተወው። እኔም በዚሁ አልፌበታለሁ፣ ያውም ካንተ በባሰ። (ከዚህ በታች ካሽ ስል ሲፒዩው መረጃ በቅርቡ የሚያቆይበትን ፈጣን ሜሞሪ ነው፣ የኪሱን አይደለም፤ እሱማ ምንም ፑል ብሠራለት አይጠራቀምልኝም።)

መጀመሪያ ሲፒዩውን የሚበላው ምን እንደሆነ እንይ። ብዙ ሰው ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ፔጅ መጠየቁ ውድ ይመስለዋል። እሱ ርካሽ ነው። ውዱ የፔጁን የካሽ ጠባይ መቀየሩ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በፒክስል 4 ባይት ስትይዝለት 8,294,400 ባይት ይወጣዋል። ባለ 4,096 ባይት በሆነው ፔጅ ስታካፍለው ልክ 2,025 ፔጅ ነው። እነዚህ ፔጆች ከከርነሉ ሲመጡ ራይት ባክ ናቸው፤ ማለትም ሲፒዩው እንደ ልቡ ካሽ ያደርጋቸዋል። አንተ ደግሞ ለጂፒዩው ስትል ራይት ኮምባይኒንግ ታደርጋቸዋለህ፤ ማለትም ካሽ አይደረጉም፣ የሚጻፈው ተጠራቅሞ ባንዴ ይላካል።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ሲፒዩ) ላይ ከርነሉ ራሙን በራሱ ካርታ (የአድራሻ ሰንጠረዥ) ውስጥ ራይት ባክ አድርጎ ይዞታል። አንድ ፔጅ በአንዱ ካርታ ራይት ባክ፣ በሌላው ኮምባይኒንግ ሆኖ መታየት የለበትም። ስለዚህ የከርነሉም ካርታ አብሮ ይቀየራል። 2 ሜጋ የነበረው ትልቅ ፔጅ 512 ትንንሽ ሆኖ ይሰነጠቃል። ሁሉም ኮር ሥራውን አቋርጦ ቲኤልቢውን (የዚያን ካርታ ማስታወሻ) እንዲያጸዳ ይጠራል። ካሹም ይታጠባል። በ64 ባይት መስመር ከሄድክ ለዚያ ለአንድ ስክሪን ብቻ 129,600 መስመር ነው። ይህን ሁሉ መስኮት በተዘጋ ቁጥር ብታደርገው ማሽኑ ቢጮህ ምን ይገርማል?

ፑሉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ፔጁን ሳይሆን የተቀየረውን ጠባይ ነው የምታስቀምጠው። እናም ራይት ባክ የሆኑትን ፑል ውስጥ አትክተት። ምንም አታተርፍባቸውም፤ ለከርነሉ መልስለት፣ እሱ በደንብ ያውቅበታል። አዲስ ፔጅ ስትቀይርም አንድ በአንድ አትሂድ። ብዙውን በአንድ ዝርዝር ሰብስበህ ባንዴ ቀይር፤ ያኔ ኮሮቹም የሚጠሩት ለሁሉም አንዴ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። በፊት እሠራበት የነበረ ቦታ ለአንድ የማሳያ ሰሌዳ ድራይቨር ጽፌ ነበር። ፑሉ ሲሞላ ትርፉን ፔጅ ለከርነሉ እመልሳለሁ። ስመልስ ግን ጠባዩን ወደ ራይት ባክ መመለሱን ረሳሁት። ምንም ኤረር የለም። ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክት መዝገብ) ንጹሕ ነው። ጠዋት ማሽኑ ይበራል፣ ከሰዓት ላይ ፋይል ኮፒ ማድረግ ይከብደዋል፣ ማታ ላይ ትንሽ ፋይል ማንበብ እንኳ ያስተኛል። ሪስታርት ሲደረግ ይድናል። ዲስኩ ነው ብለን ዲስክ ቀየርን! ለካ የመለስኳቸው ፔጆች ላይ የፋይል ካሽ እያረፈ፣ ከርነሉ ካሽ ከሌለው ሜሞሪ እያነበበ ነበር። ግራፊክሱ ራሱ ግን እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው፤ ለዚህም ማንም ድራይቨሬን አልጠረጠረም፣ እኔን ጨምሮ። ስለዚህ ካንተ ፑል የሚወጣ ፔጅ ሁሉ ራይት ባክ ሆኖ መውጣቱን ዛሬውኑ አረጋግጥ። ወደ ሌላ ፕሮግራም ከመሄዱ በፊትም ይዘቱ ዜሮ ይሁን፤ የአንዱ ሰው ስክሪን ለሌላው እንዳይታይ።

ወደ መድረቁ ልምጣ። ፑልህ መያዝ እንጂ መልቀቅ አያውቅም። ከርነሉ ሜሞሪ ሲጠበው «ያለህን አምጣ» የሚልበት መንገድ አለው፣ ሽሪንከር ይባላል። ሁለት ነገር ትሰጠዋለህ፦ ስንት ፔጅ ልለቅ እችላለሁ የሚል ቆጣሪና የሚለቅ ፈንክሽን። ቆጣሪው ቁጥር ብቻ ይመልስ፣ ዝርዝር አይቁጠር፤ ቶሎ ቶሎ ነው የሚጠራው።

ሽሪንከር አለኝ፣ ግን ይደርቃል የምትል ከሆነ ደግሞ መቆለፊያህን እይ። የእኔ እንዲህ ነበር፦ የፑሉን ሙቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚይዘውን መቆለፊያ) ይዤ አዲስ ፔጅ እጠይቃለሁ። ራም ሲጠፋ ከርነሉ በዚያው ጥሪ ውስጥ ሽሪንከሬን ይጠራል። ሽሪንከሬ ያንኑ ሙቴክስ ይጠብቃል። ራሴን በር ላይ ቆልፌ ራሴን ቆሜ እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፔጅ ስትጠይቅ ሙቴክሱን ልቀቅ፣ ሽሪንከሩ ውስጥም ትራይሎክ (ሳይጠብቅ ለመቆለፍ የሚሞክረውን) ተጠቀምና ካልተገኘ «አሁን አልችልም» ብሎ ይመለስ። ሎክዴፕን (የከርነሉን የመቆለፊያ ስሕተት መርማሪ) አብርተህ ብትሠራ እኔን ሁለት ቀን የፈጀብኝን እሱ ሳይደርቅብህ በፊት ይነግርሃል።

ከራይት ኮምባይኒንግ ሜሞሪ ስለ ማንበብም ጠይቀሃል። እሱ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ሞልቶ ነው የሚነሳው። በተርታ ከጻፍክ 64 ባይቱ ይሞላና ይሄዳል። እዚህም እዚያም ከጻፍክ ባዶ ወንበር ይዞ ይነሳል። ከእሱ ላይ ማንበብ ግን አይሞከርም፤ እያንዳንዱ ንባብ እስከ ራም ሄዶ ይመለሳል። የማውሱን ምልክት ከጀርባው ጋር ለማዋሃድ ከዚያው ባፈር (ሥዕሉ ካለበት ሜሞሪ) የምታነብ ከሆነ፣ ሥዕሉን በተራ ሜሞሪ ላይ አዘጋጅና ባንዴ ኮፒ አድርገው። ሲፒዩው የሚያነበው ባፈር ከሆነ ከመጀመሪያውም ራይት ባክ አድርገው። ኤአርኤም (ሌላ ዓይነት ሲፒዩ) ቦርድ ላይ ከሆንክ ጨዋታው ሌላ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ ጂፒዩው የሲፒዩውን ካሽ አያይም፤ በዲኤምኤ ሲንክ (ካሹን ከራሙ ጋር በሚያስማማው የከርነል ጥሪ) ራስህ ማጠብ ይኖርብሃል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፤ ለመማር ካልሆነ ፑል ለምን ከዜሮ ትጽፋለህ? ቲቲኤም (የግራፊክስ ሜሞሪ የሚያስተዳድር የከርነል ክፍል) እ.ኤ.አ. በ2009 ከሥሪት 2.6.31 ጋር ከርነሉ ውስጥ ገብቷል፣ ፑሉ በ2010 በ2.6.35 ተጨመረለት፣ በ2021 ደግሞ 5.11 ላይ እንደ አዲስ ተጻፈ። የኤኤምዲ ካርዶች ድራይቨር ኤኤምዲጂፒዩም፣ የኤንቪዲያ ካርዶች ድራይቨር ኑቮም የሚጠቀሙት እሱኑ ነው። ባትጠቀምበት እንኳ ኮዱን አንብበው፣ ረጅም አይደለም። ዲበግኤፍኤስ (ከርነሉ የውስጡን ሁኔታ የሚያሳይበት ፎልደር) ውስጥም የቲቲኤም ፑል ስንት ፔጅ እንደያዘ ቁጭ ብለህ ታያለህ፤ ብሮውዘሩን ከፍተህ ራም ሲጠብ ቁጥሩ ሲወርድ ካላየኸው ሽሪንከሩ እየተጠራ አይደለም።

መጀመሪያ ፐርፍ ቶፕን (ሲፒዩውን የሚበላውን ፈንክሽን የሚያሳየውን) ከፍተህ መስኮት እየዘጋህ እየከፈትክ እየው። ላይ የሚወጣው የፔጅ ጠባይ የሚቀይረው ፈንክሽን ከሆነ ፑልህ ገና በደንብ አልያዘም። ከዚያ የሽሪንከሩን ክፍል ብቻ ቆርጠህ ለጥፍልኝ፣ ሙሉ ፋይሉን አትላክ። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።