የራግቢና የአሜሪካ ፉትቦል የጎል ብረቶች፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሁለቱ ስፖርቶች የጎል ብረት ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሩቅ ሳያቸው አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ በስፋት አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። በራግቢ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል 5.6 ሜትር ነው፣ በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ ፉትቦል ዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ) 5.64። አግዳሚውም በሁለቱም 3 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዋናው ነገር የተተከሉበት ቦታ ነው። የራግቢው ትራይ (ኳሱን መሬት አስነክቶ የሚገኝ ነጥብ) የሚቆጠርበት መስመር ላይ ቆሟል። የኤንኤፍኤሉ ከጎል መስመሩ 10 ያርድ ወደ ኋላ፣ ኤንድ ዞኑ (ከጎል መስመሩ ጀርባ ያለው ነጥብ የሚቆጠርበት ክልል) የሚያበቃበት ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ የዋሽንግተን ደጋፊ ነኝ። ድሮ የአሜሪካውም መስመሩ ላይ ነበር ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በኤንኤፍኤል ከ1933 እስከ 1973 እዚያ ነበር። ቡድንህም በዚህ ጦስ ዋንጫ አጥቷል! የ1945 ፍጻሜ ነው፣ ክሊቭላንድ ላይ፣ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ። የዋሽንግተኑ ኳስ ወርዋሪ ሳሚ ባው ከራሱ ኤንድ ዞን የወረወረው ኳስ ብረቱን መትቶ እዚያው ወደቀ። በጊዜው ሕግ ይህ ለተጋጣሚ 2 ነጥብ ያሰጥ ነበር። በዚያው ጨዋታ የክሊቭላንድ ራምስ አንድ ምት አግዳሚውን ነክቶ በላዩ አለፈና ተቆጠረ። 15 ለ 14፤ ዋሽንግተን በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ሕጉ ከዚያ በኋላ ተቀየረ፤ ብረቱ ግን እስከ 1974 ንቅንቅ አላለም። ያኔም ወደ ኋላ የተገፋው በዋናነት የ3 ነጥቡ ምት፣ ፊልድ ጎሉ፣ ከልክ በላይ ስለበዛ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ራግቢ ለምን አያነሳውም? ተጫዋች አይላተምበትም?

መልስ፦ ቋሚዎቹ ግርጌያቸው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ይታሰርላቸዋል። እኔ ግን ባይነሳ ነው የምመርጠው። ከትራይ በኋላ ያለው ምት የሚመታው ኳሱ መሬት ከነካበት ቦታ ትይዩ ነው። ጥግ ላይ ካስቆጠርክ መቺህ ከጎን፣ በጠባብ ማዕዘን ይቸገራል። ለዚህ ነው ሯጩ መስመሩን አልፎም ወደ ብረቱ መሀል የሚታጠፈው። ያቺ ሁለት ሦስት እርምጃ ለኔ የጨዋታው ጣዕም ናት። እስከ 2020 ድረስ ኳሱን ስፖንጁ ግርጌ ማስነካትም ትራይ ነበር። ለተከላካይ መከላከል ስለከበደ የስፖርቱ ዓለም አቀፍ አስተዳዳሪ ወርልድ ራግቢ አስቀርቶታል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካው ለምን አንድ እግር ብቻ ኖረው?

መልስ፦ ለደህንነት። ከ1967 ጀምሮ እግሩ ከኋላ ተተክሎ ወደ ፊት ይታጠፋል።

ጥያቄ፦ ኳሱ ከቋሚው ጫፍ በላይ ቢያልፍስ?

መልስ፦ ዳኛው በዓይኑ ገምቶ ይወስናል። ኤንኤፍኤል በ2014 ቋሚዎቹን በ5 ጫማ ያስረዘመው ይህን ለማቅለል ነው፤ አሁን ከአግዳሚው በላይ 35 ጫማ ናቸው።