ጥያቄና መልስ፦ ከፍ ያለ የአትክልት መደብ

ጥያቄ፦ 2.4 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር መደብ መሥራት አስቤያለሁ። ጣውላ ይሻላል ወይስ ቆርቆሮ? ግቢዬ ጭቃማ አፈር ነው፤ የሚገዛው አፈር ደግሞ ውድ ሆነብኝ። አምና ሰጋቱራ ብቀላቅልበት ተክሉ ሁሉ ቢጫ ሆነ።

መልስ፦ ልኩ ጥሩ ነው። ከ1.2 ሜትር ከሰፋ ግን እጅ መሃሉ ድረስ አይደርስም፣ መደቡ ላይ መቆም ይመጣል፤ የተረገጠ አፈር ደግሞ ይጠጥራል። ጣውላ ከመረጡ ውፍረቱ 4 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ስስ ከሆነ እርጥብ አፈር ገፍቶ ያጎብጠዋል። በየሜትሩ ችካል ይምቱ። አሮጌ ቀለም የተቀባ እንጨት አይጠቀሙ፣ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ቆርቆሮ አይበሰብስም፤ ጠርዙን ግን አጥፈው ይሸፍኑት።

መደብዎ የሚይዘው 860 ሊትር ገደማ ነው። ሁሉንም መግዛት አያስፈልግም። ጭቃማውን አፈር ጠፈፍ ሲል እንጂ ረግረግ እያለ አይንኩት፤ 20 ሳንቲሜትር ያህል ቆፍረው ያላሉት። ሁለት እጅ የግቢ አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ይቀላቅሉ። ከታች ጠጠር ማንጠፍ የተለመደ ስህተት ነው፦ ውሃው ከአፈሩና ከጠጠሩ መገናኛ ላይ ይቆማል፣ ሥሩም ይታፈናል። አሸዋም በጥቂቱ ቢጨምሩ ጭቃውን አያላላውም።

የሰጋቱራው ነገር ግልጽ ነው። የሚያበሰብሱት ተህዋሲያን ለተክል ምግብ የሆነውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ፤ በመጀመሪያ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ። ከላይ ቢያለብሱት ጉዳቱ ትንሽ ነው። አሁን የተቀላቀለውን ለማካካስ በደንብ የበሰበሰ ፍግ 3 ሳንቲሜትር ያህል ያልብሱ። ትኩስ የዶሮ ኩስ ግን ሥር ያቃጥላል።