ለትልቅ የበግ ጠባቂ ውሻ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ «በጎቼን የሚጠብቅልኝ ትልቅ ውሻ አለኝ። ከጥር ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፤ የወገቡና የጭራው ሥር ፀጉርም ሳስቷል። ቁንጫም መዥገርም ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁበት፤ ሳምንት ያህል ይሻለውና እንደገና ይብስበታል። ልጆቹንም እግራቸውን እየበላቸው ነው። ለትልቅ ውሻ የሚሆን ጠንከር ያለ መድኃኒት የትኛው ነው?» ከመንዝ

መልስ፦ ጠያቂያችን የረጩትን መድኃኒት ስምም ሆነ ውሻው የሚተኛበትን ቦታ አልገለጹልንም። ሆኖም ውሻው ወገቡንና የጭራውን ሥር ማከኩ፣ ልጆቹም እግራቸው ላይ መነደፋቸው ያስቸገረዎት በዋናነት ቁንጫ እንጂ መዥገር እንዳልሆነ ያመለክታል። መዥገር እንደ መንዝ ባለ ብርዳማ ደጋ ያን ያህል አይበረታም፤ ቁንጫ ግን ደጁ ውርጭ ቢሆንም ምድጃ በሚነድበትና እንስሳት በሚያድሩበት ቤት ውስጥ እንደ ልቡ ይራባል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሰው ያንጥፉና ውሻውን በላዩ አቁመው የጭራውን ሥር በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ያበጥሩት። የሚረግፈው ጥቁር ብናኝ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ዙሪያው ከቀላ፣ ቁንጫ መጥጦ ያስወገደው ደም ነው፤ ተራ አፈር እንዲህ አያቀላም።

መድኃኒቱ ለሳምንት ብቻ ያገለገለው ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው፤ እንቁላሉ ከፀጉሩ ላይ እየረገፈ መኝታው ላይ ይወድቃል፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል መሰል እጭ ከብርሃን ተሸሽጎ በገለባውና በአቧራው ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያም ራሱን በስስ ድር ጠቅልሎ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ ሳለ የሚረጭ መድኃኒት እምብዛም አይነካውም። ግምቴ ካልተሳሳተ፣ በታኅሣሥ ከአውድማ የተረፈ የገብስ ገለባ ለውሻው ጎዝጉዘውለታል፤ ያ ገለባ እስካሁን አልተነሣም።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መኝታውን ይቀይሩለት። ገለባውን አንድ ሳይቀር ጠርገው ከቤት ራቅ ብለው ያቃጥሉት፤ ወደ በጎቹ ጋጥ ፈጽሞ እንዳይጥሉት። በምትኩ ሁለት አሮጌ ጆንያ ያዘጋጁና አንዱ ሲነጠፍ ሌላውን በየሳምንቱ የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ አጥበው፣ ሁለቱንም ገጽ ፀሐይ ላይ ያስጡት። ወለሉ ስንጥቅ ካለው አቧራውን ከስንጥቁ ውስጥ በእንጨት ፍቀው ያውጡ፣ የፈላ ውሃ ያፍስሱበት፣ ሲደርቅም በጭቃና በእበት ለቅልቀው ይድፈኑት፤ ልጆቹ የሚተኙበት መደብ ሥርም እንዲሁ ይደረግ። ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እየጠረጉ ጥራጊውን እሳት ውስጥ ይጨምሩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁንጫው የበዛ ቢመስልዎ ሥራውን አያቁሙ፤ በድሩ ውስጥ የነበረው የሰውና የእንስሳ ሙቀትና ንቅናቄ ሲሰማው ስለሚወጣ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ካቋረጡ ግን የቀረው ይፈለፈልና ድካምዎ ከንቱ ይሆናል። ውሻውንም ፀሐይ በሞቀበት ቀን በሳሙና ይጠቡት፤ ቁንጫ ውሃ ሲነካው ወደ ራስ ስለሚሸሽ አረፋውን መጀመሪያ አንገቱ ላይ ዙሪያውን ቀብተው ወደ ታች ይውረዱ።

በየገበያው የምናየውን አንድ ልማድ ግን ሳንነቅፍ አናልፍም። ለበግ የሚረጭ ዳያዚኖን ወይም ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ ጽሑፍ በሌለው የውሃ ላስቲክ እየተገለበጠ ይሸጣል፤ ገዢውም በክዳን እየሰፈረ በግምት በጥብጦ ውሻውን ያጥበዋል። ውሻ ደግሞ ራሱን ይልሳል፣ ልጆችም ያቅፉታል። ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ካስመለሰውና ከተንቀጠቀጠ ተመርዟልና በእጅዎ ላስቲክ አጥልቀው ሰውነቱን በብዙ ውሃና በሳሙና አጥበው፣ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲንም ቁንጫን አይገታም።

መኝታው ከጸዳ በኋላ መድኃኒት መጨመር ከፈለጉ ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀውን ይግዙ፤ መጠኑ የሚወሰነው በክብደት ስለሆነ ውሻውን ይመዝኑት። ወፍጮ ቤት ባለው ሚዛን ላይ ታቅፈውት ይቁሙ፣ ከዚያም ብቻዎን ይመዘኑና ልዩነቱን ይያዙ። ለትንሽ ውሻ የተሠራውን ጠብታ ለትልቅ ውሻ ማድረግ ወይም አንዱን ብልቃጥ ለሁለት ውሻ ማካፈል ተባዩን አይገድልም። የፊፕሮኒል ጠብታ ከሆነ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ፀጉሩን ገልጠው ቆዳው ላይ ያፍስሱት፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ቀን አይጠቡት። የሚዋጠው የፍሉራላነር ክኒን ለቁንጫም ለመዥገርም ሦስት ወር ገደማ ያገለግላል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ቤትዎ ድመት ካለች ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መድኃኒት ይተዉት፤ እሷን ይገድላታል።

በጎቹን ይዘው ወደ ቀወት ወይም ወደ ኤፍራታ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ መዥገሩ የሚገጥምዎ እዚያ ነው። ሲመለሱ የውሻውን ጆሮ ውስጥ፣ አንገቱንና በጣቶቹ መካከል ይፈትሹ፤ ያገኙትን በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉት እንጂ በክብሪት አያቃጥሉት፣ ላምባም አይቀቡት። የፀጉሩ መርገፍ በዓይኑ ዙሪያና በክርኑ ላይ ከሆነና ቆዳው ከፈረፈረ ግን እከክ ሊሆን ስለሚችል ውሻውን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።