እንግሊዝኛ በጨረቃ፣ መሃል አራት ኪሎ

እህቴ፣ ልጅሽ ቃላቱን ታውቃለች፣ ዓረፍተ ነገር ግን አልወጣ ብሏታል፤ መሃል ከተማ ሆነን፣ ያለ ቴሌስኮፕ፣ ሰማይ እያሳየሁ እንግሊዝኛ ላስተምራት እችላለሁ ወይ ነው ጥያቄሽ። እንዴታ! እኛ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆነን እያደረግነው ነው።

የፕላኔት ስም ማሸምደዱን ተይው። "ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን" ብሎ የደረደረ ልጅ እንግሊዝኛ ተናገረ አይባልም። ልጅ የምታናግረው ጨረቃ ናት፣ በየቀኑ ትለወጣለቻ!

ጨረቃ በወጣች በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ጀምሩ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ሁሌ አንድ ቦታ ቁሙ። መጀመሪያ ምዕራብ በኩል ዝቅ ብላ ትታያለች፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ከፍ ብላ፣ ወፈር ብላ ታገኟታላችሁ። "የስተርደይ ኢት ዋዝ ሎው። ቱናይት ኢት ኢዝ ሃየር። ቱሞሮው ኢት ዊል ቢ ቢገር።" ይኸው፣ ሦስቱም ጊዜ መጣ። ከግቢያችን ፊት ለፊት ግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ አለ፤ ትንሹ ልጄ ክሬኑን እያየ "ቱሞሮው፣ አቦቭ ዘ ክሬን!" ብሎ ከእህቱ ጋር ይወራረዳል፣ በማግስቱ እራቱን ጥሎ ነው የሚወጣው። "ሞር ቢግ" ካለች አታቋርጫት፤ "የስ፣ ቢገር" ብለሽ እለፊ።

ሙሉ ከሆነች በኋላ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ ልጅ አታስመሺ። ጠዋት ሰርቪስ ስትጠብቁ ምዕራብ በኩል ፈልጓት።

ሌላ የምወደው ነገር፦ የውጭ መጽሐፍ ላይ ግማሽ ጨረቃ ቆማ ነው የምትሳለው። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምንርቅ አዲሷ ጨረቃ እንደ ጀልባ ጋደም ትላለች። መጽሐፉን ይዛ ትውጣና "ዋይ?" ትበል። ክርክሩ ብቻ አንድ ምሽት ይበላል።

የመንገዱ መብራት ከዋክብቱን ውጧቸዋል፣ ቬነስና ጁፒተር ግን በሚታዩበት ወቅት በመብራቱ አይጠፉም። ጥርና የካቲት ላይ ኦሪዮን ከሚባለው የከዋክብት ስብስብ ሦስቱ ተሰልፈው ይታያሉ፣ ከሦስቱ ወዲያና ወዲህ ካሉት ደማቅ ከዋክብት ደግሞ ቤተልጌዝ ቀላ ትላለች፣ ራይጀል ነጭ ናት፤ "ዊች ዋን ኢዝ ሬድ?" በይ። ክረምቱን ግን እርሺው፣ ደመና ነው።

ዕቃ ካማረሽ ባይኖክላር ተዋሺ። ግድግዳ ላይ ካስደገፍሽው የጁፒተርን 4 ትልልቅ ጨረቃዎች ያሳይሻል። ፀሐይን ግን በእሱም ሆነ በባዶ ዓይን እንዳታይ ከመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቂያት።