ባለ 5 ቶኑ ቤልት 2 ቶን ለምን አቃተው?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጭነት ማሰር ናቸው። ክረምቱ ነው መሰለኝ። በጋውን ሙሉ ዝም ብሎ የከረመ ጭነት ወለሉ ሲረጥብ መንሸራተት ይጀምራል። አንዳንዶቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ቅር እንዳትሰኙ።

«ሰላም ጋሼ። አይሱዙ ነው የምነዳው፣ ከመርካቶ ሴራሚክ እያወጣሁ ለግንባታ ቦታዎች አደርሳለሁ። ሁለት ቤልት ገዛሁ፣ ሻጩ እያንዳንዳቸው 5 ቶን ይይዛሉ አለኝ። በነሱ 2 ቶን ሴራሚክ በፓሌት አስሬ ቸርችል ጎዳናን ስወርድ አንድ ልጅ ፊቴ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። ጭነቱ ተንሸራቶ መጥቶ የካሶኒውን የፊት ግድግዳ ከጋቢናው ጋር አጣበቀው። ቤልቶቹ አልተበጠሱም፣ እንደታሰሩ ናቸው። ተታልያለሁ ማለት ነው?»
ሾፌር፣ ከሰባተኛ

ወንድሜ፣ እንኳን ልጁም አንተም ተረፋችሁ። መታለሉን ግማሽ ግማሽ እንበለው። ሻጩ የነገረህ ቁጥር ቤልቱ ላይ ሳይኖር አይቀርም፣ አንተን የሚጠቅምህ ቁጥር ግን እሱ አይደለም።

የቤልቱን ጫፍ እየው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ከሆነ ትንሽ ሰማያዊ ጨርቅ ተሰፍቶበታል፤ ሰማያዊ ማለት ክሩ ፖሊስተር ነው። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ፈልግ። አንደኛው «ኤል ሲ» የሚለው ነው። ይሄ ቤልቱ በቀጥታ ሲጎተት የሚችለው ኃይል ነው፣ በተለመደው 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቤልት ላይ ብዙ ጊዜ 2,500 ይላል። ዕቃውን ዞሮ ሲመለስ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን 5,000 ይባላል፣ የሻጩ 5 ቶን የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። መለኪያው ዲካኒውተን ነው፣ አንተ ግን ኪሎ ብለህ አንብበው፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለተኛው «ኤስ ቲ ኤፍ» ነው። ይሄ ደግሞ የመወጠሪያውን እጀታ በ50 ኪሎ ጉልበት ስበህ ስትለቀው ቤልቱ ውስጥ የሚቀረው ውጥረት ነው። ስንት ይላል መሰለህ? 300፣ 350፣ ጥሩ ከሆነ 500። በቃ።

ለምንድነው ሁለተኛው ቁጥር የሚያስፈልግህ? ቤልቱን በጭነቱ አናት አሳልፈህ ግራና ቀኝ ስታስረው ጭነቱን አስሮ አልያዘውም። ወለሉ ላይ ነው የሚጫነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ንፋስ እንዳይገለብጠው ድንጋይ እንደምንጭንበት ዓይነት ነው፣ ድንጋዩ ቆርቆሮውን አልጨበጠውም፣ ክብደት ጨመረለት እንጂ። ጭነትህን ባለበት የሚያቆየው ፓሌቱ ከወለሉ ጋር ያለው ፍትጊያ ነው። ቤልቱ የፍትጊያው ረዳት ነው።

አሁን እንቁጠር። ፍሬን ድንገት ስትይዝ ጭነቱ በክብደቱ 80 በመቶ ያህል ኃይል ወደፊት ይሄዳል ተብሎ ነው የሚሰላው፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ። የአንተ 2 ቶን በ1,600 ኪሎ ወደ ጋቢናህ መጣ ማለት ነው። የእንጨት ፓሌት ንጹሕና ደረቅ የብረት ወለል ላይ ሲቀመጥ በጥሩ ሁኔታ በራሱ ክብደት 40 በመቶውን ይቋቋማል እንበል፣ 800 ኪሎ። የቀረውን 800 ቤልቶቹ ማምጣት አለባቸው። አንድ ቤልት 300 ተወጥሮ በግራም በቀኝም ሲጫን 600 ነው፣ ከሱ 40 በመቶው 240። 800ን ለ240 አካፍለው፣ ከሦስት በላይ ይመጣል፣ ለጥንቃቄ ሩብ ጨምርበት፣ አምስት ቤልት። አንተ ጋ የነበረው ሁለት ነው። ይሄም ወለሉ ደረቅና ሜዳ ሲሆን ነው፤ በሐምሌ ጭቃ፣ ያውም የቸርችልን ቁልቁለት ስትወርድ፣ ሒሳቡ ከዚህ የከፋ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ግን አምስት ቤልት መግዛት ላያስፈልግህ ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ አለ፣ ፓሌቱ ሥር ሲገባ ፍትጊያው ከ40 ወደ 60 በመቶ ይወጣል። ያኔ ጭነቱ በራሱ 1,200 ይቋቋማል፣ 400 ብቻ ይቀርሃል፣ እያንዳንዱ ቤልት ደግሞ 360 ያመጣልሃል። በእነዚያው ሁለት ቤልቶችህ ትገባለህ። (ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ከባዶ ብረት ይሻላል፣ ይህ ሒሳብ ግን ለዚሁ ለተሠራው ምንጣፍ ነው።) ከሁሉም የሚረክሰው ግን ፓሌቱን ከፊት ግድግዳው ጋር አስነክቶ መጫን ነው። አንተ ጋ በመሃል ክፍት ቦታ ነበር፣ ደብዳቤህ ራሱ ይናገራል፣ «ተንሸራቶ መጥቶ» ብለሃል። የመንደርደሪያ ቦታ ሰጥተኸዋል። ክብደቱ ወደ ፊት በዝቶ ማስጠጋት ካልቻልክ ክፍተቱን በባዶ ፓሌት ሙላው። ወለሉን ደግሞ ጥረግ። አሸዋ የተረፈበት ካሶኒ ላይ ጭነት ማስቀመጥ ማለት ጎማ እንደመግጠም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንግል። ቤልቱ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይጫናል። ጭነቱ አጭር፣ ካሶኒው ሰፊ ሆኖ ቤልቱ በ30 ዲግሪ ከተኛ የሚጫነው በግማሽ ነው። ሴራሚክ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ሁልጊዜም ዝቅ ብሎ ነው የሚጫነው።

«ጋሼ እንደምን አሉ። ረዳት ነኝ፣ 19 ዓመቴ ነው። ሰንሰለቱ አልጠብቅ ሲል ሾፌሬ መወጠሪያው እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክተህ ተንጠልጠልበት ይለኛል። ባለፈው አምልጦኝ ግንባሬን ፈነከተኝ። ሥራዬን ሳላጣ ምን ልበለው?»
ረዳት፣ ከጎጃም በረንዳ

የኔ ልጅ፣ እኔም በአንተ ዕድሜ ረዳት ነበርኩ። የላይኛው የፊት ጥርሴ የራሴ አይደለም። የሄደውም ልክ በዚሁ ነገር ነው፣ አለቃዬ ቧንቧ አቀበለኝ፣ ተንጠለጠልኩ፣ እጀታው ተመለሰ። የሕክምናውንም ራሴ ነኝ የከፈልኩት፣ ይሄን ግን ተወው።

ያ ተገልባጭ እጀታ ያለው መወጠሪያ ተንኮለኛ ነው። ሰንሰለቱን ሲስብ ኃይሉን እንደ ወጥመድ ያጠራቅማል፣ መሃሉን አልፎ እስኪገጥም ድረስ ወደ አንተ መመለስ ነው የሚፈልገው። ቧንቧ ስትጨምርበት የአንተን ጉልበት ሁለትና ሦስት እጥፍ ታደርገዋለህ፣ ሲመለስም በዚያው ልክ ነው። መወጠሪያውም የተሠራው ለባዶ እጅ ነው፣ መንጠቆው ቢከፈት ወይ እጀታው ቢሰበር ጥፋተኛው ቧንቧው ነው።

ለሾፌርህ «አልችልም» አትበለው። «አንድ ቀለበት ላሳጥረው» በለው። መወጠሪያውን ፍታ፣ መንጠቆውን ሰንሰለቱ ላይ አንድ ቀለበት ወደፊት አስገባ፣ እንደገና ሞክር። ከአሥር ዘጠኙ የሚያስቸግረው ሰንሰለቱ ረዝሞ መያያዙ ነው። እጀታውን ስትስብ ወደ ታች ይሁን፣ ፊትህም ደረትህም ከሚመለስበት መስመር ውጪ ይሁኑ። ሾፌርህ ትንሽ ብር የሚያወጣ ሰው ከሆነ ደግሞ ባለ ጥርሱን፣ እየተሽከረከረ በቡሎን የሚጠብቀውን ይግዛ። እሱ ቀስ እያለ ነው የሚጠብቀው፣ ቀስ እያለ ነው የሚላላው፣ ማንንም አይመታም።

ቤልቱም ላይ ቧንቧ የለም። ያ 300 የሚለው ቁጥር የተለካው በእጅ ነው ብያለሁ።

አንተ አልጠየቅከኝም እንጂ ረዳት ይበልጥ የሚጎዳው ሲፈታ ነው። መንገድ ላይ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ቤልቱ ላይ ተደግፎ ይመጣል፣ አንተ ከታች ቆመህ መወጠሪያውን ቀጭ ስታደርገው ሁሉም ነገር አናትህ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መኪናውን ዙረው። ጭነቱ የተደገፈው በየት በኩል ነው? በተቃራኒው ቆመህ ፍታ። ስፖንዳውንም ከጎኑ ቆመህ እንጂ ፊት ለፊቱ ቆመህ አትክፈት። ቤልቱን በጭነቱ ላይ ወዲያ ማዶ ስትወረውር ደግሞ የምትወረውረው ብረት መንጠቆ ነው፣ ተክለ ሃይማኖት አስፋልት ዳር ማዶ ሰው የሌለበት ሰዓት የለም። ጮክ ብለህ ተናገር፣ መልስ ስትሰማ ወርውር። አለዚያ ዞረህ ሄደህ አቀብል።

«የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለኝ። ፌሮ ለደንበኛ የማደርሰው በአይሱዙ ነው፣ ብረቱ ለሁለት ታጥፎ። ሾፌሮቹ በናይለን ገመድ አስረው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ አቀበት ላይ ከመሃሉ አምስት ስድስት ብረት ሾልኮ ወድቆ ከኋላ የነበረ መኪና ላይ አደጋ ሊያደርስ ለጥቂት ነው የተረፈው። እኔ ሻጭ ነኝ፣ ምን ማድረግ እችላለሁ?»
ነጋዴ፣ ከተክለ ሃይማኖት

እመቤት፣ ብዙ ማድረግ ይችላሉ፣ ጭነቱ ከእርስዎ ደጅ ነው የሚነሳው።

መጀመሪያ ክብደቱን ይወቁት። ሾፌሩ በዓይኑ ነው የሚገምተው፣ እርስዎ ግን ካልኩሌተር ጠረጴዛዎ ላይ አለ። የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ ያባዙትና ለ162 ያካፍሉት፣ የአንድ ሜትር ኪሎ ይሰጥዎታል። ባለ 12ቱ 0.89 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስለዚህ 12 ሜትሩ አንድ ዘንግ 10.7 ኪሎ ያህል። 200 ዘንግ ሲሉ 2 ቶን አልፏል። ባለ 16ቱ ዘንጉ 19 ኪሎ ይጠጋል።

ከመሃል የሾለከው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ገመዱ ከላይ ሲጫን የሚጨብጠው የላዩንና የጎኑን ብረት ነው። የመሃሎቹን ማንም አልያዛቸውም፣ ብረት በብረት ላይ ደግሞ በጣም ነው የሚንሸራተተው፣ አቀበት ሲመጣ ወደ ኋላ ይፈሳሉ። መድኃኒቱ ጥቅሉን ራሱን ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ጠምጥሞ ማነቅ ነው፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ እዚያው ሱቅዎ ደጅ ላይ ከመጫኑ በፊት። ከዚያ በኋላ ነው ጥቅሉ ከካሶኒው ጋር የሚታሰረው። ከሥሩ አግዳሚ እንጨት ይግባ፣ ብረቱን ከብረት ወለል ይለየዋል፣ ሰንሰለትም ያሳልፋል።

ገመዱን ይተዉት። እነዚያ ሰማያዊና ብርቱካናማ ገመዶች ፀሐይ ሲበላቸው እጅ ላይ ይፈረፈራሉ፣ የፌሮው ሸንተረር ደግሞ እንደ መጋዝ ነው፣ ቤልትም ቢሆን በየማዕዘኑ ወፍራም ጎማ ወይም ላስቲክ ካልገባለት ይቆርጠዋል። ለዚህ ጭነት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ቀለበቶቹ ላይ 70 ወይም 80 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት መሆን አለበት። 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ባለ 70ው እስከ 3 ቶን ያሠራል። ቁጥር የሌለው፣ ምናለሽ ተራ በክንድ ተለክቶ የሚሸጠው፣ ለግቢ በር ነው።

የታጠፈ ብረት ደግሞ ሲፈታ ይዘረጋል። አውራጆቹ ማሰሪያውን ሲቆርጡ ጫፉ ፊት ለፊት እንዳይቆሙ ለሾፌሩ ይንገሩት። ካሶኒውን አልፎ የሚወጣው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ማታ ከሆነ የሚታይ ነገር። ሾፌሩ ይሄን ሁሉ እምቢ ካለ ሌላ መኪና ይጥሩ፣ ከሱቅዎ ፊት የቆመው እሱ ብቻ አይደለም።

አጫጭሮቹ ደግሞ እነሆ።

«ቤልቴ በግማሽ ተቀዷል፣ ብቋጥረው ይሠራል?» አይሠራም። ቋጠሮ ጉልበቱን በጣም ይቀንሰዋል፣ መወጠሪያውም ላይ በትክክል አይጠመጠምም። ጣለው፣ ወይም ፍራሽ እሰርበት።

«ስንት ዙር ልጠምጥም?» ቢያንስ አንድ ተኩል፣ ከሦስት አይበልጥ። ከዚያ በታች ይሾልካል፣ ከዚያ በላይ መወጠሪያውን ያጨናንቃል። የተረፈውን ጭራ ቋጥረህ ደብቀው፣ ጎማ ከጠቀለለው ቤልቱን መንጭቆ ይወስደዋል።

«ሲሚንቶ የነካው ቤልት ይታጠባል?» ይታጠብ እንጂ፣ ቶሎ። የሲሚንቶ አልካሊ ፖሊስተር ይበላል። በብዙ ውኃ ብቻ አጥበህ ጥላ ላይ አስጣው። ሰማያዊው ጨርቅ የተነቀለበትን ግን አታጥበው፣ ስንት እንደሚችል የሚነግርህ የለም፣ አውጣው።

«አዲስ አበባ ጭኜ ወደ አዋሽ ስወርድ የት ላይ ነው ቆሜ ማየት ያለብኝ?» የአሜሪካኖቹ ደንብ በመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንዴ፣ ከዚያ በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ240 ኪሎ ሜትሩ ይላል፣ ከሁለቱ የቀደመው። ለእኛ መንገድም የሚስማማ ነው። 80 ኪሎ ሜትር የሚሞላው አዳማ ሳትደርስ ነው፣ እኔ ግን እስከዚያም አልጠብቅም። ከመሃል ከተማ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው ጉድጓድና ፍሬን ብቻውን ማንኛውንም ቤልት ያላላዋል። ክፍያ መንገዱ ውስጥ ከገባህ በኋላ እንደፈለግክ ዳር ይዘህ መቆም የለም፣ ስለዚህ ሳትገባ ውረድና እያንዳንዱን ቤልት በእጅህ ምታው። ደነደነ ያለህን እለፈው፣ የረገበውን ጨምርለት። አዳማ ቡና ስትጠጣ ደግመህ እየው።