ሞኖሳይቱ ለምን አልተሻገረም?

አንድ የባሕር ዳር የማስተርስ ተማሪ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ጋሼ፣ ከዘጌ ፈቃደኞች ደም ወስጄ ሞኖሳይት (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) እለያለሁ። ሌሊቱን በፕላስቲክ ሳህን አሳድሬ ጠዋት ትራንስዌል (ቀዳዳማ ስስ ሽፋን ያለው የፍልሰት መለኪያ) ላይ ሳደርጋቸው ከታች ወዳለው ኤምሲፒ-1 (ሞኖሳይትን የሚጠራ ኬሞካይን፣ ማለትም ሴል ሳቢ ፕሮቲን) አይሻገሩም። የኤምሲፒ-1ን መጠን እጥፍ ባደርገውም ያው ነው። ደሙ በመጣ ቀን ግን በፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር የሚያይ መሣሪያ) ሲሲአር2፣ ማለትም ሴሉ ላይ ያለው የኤምሲፒ-1 ተቀባይ (ሪሴፕተር)፣ በደንብ ታይቷል።»

መጠኑን መጨመሩን ተወው። ኬሞካይን ሲያንስም ከልክ ሲያልፍም ፍልሰቱ ይቀንሳል፤ ገንዘብህን ነው የምትጨርሰው። አንተ ሪሴፕተሩን የለካኸው ትናንት፣ ፍልሰቱን ዛሬ ነው። ሞኖሳይት ፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ ሲያድር ወደ ማክሮፋጅ (ጀርም ወደሚውጥ ትልቅ ሴል) መለወጥ ይጀምራል፤ ሲሲአር2ም ከላዩ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ ፍልሰቱን ደሙ በመጣበት ቀን ሥራው፤ ትራንስዌል ላይ ከምታደርገው ከዚያው ቱቦ ጥቂት ሴል ቀንስና ሲሲአር2ን ለመለካት በዚያው ሰዓት ቀለም አስገባለት።

በዚያው ቀን ሠርተህም ሪሴፕተሩ ዝቅ ካለ ውሃህን ጠርጥር። ውሃው ውስጥ ሊኖር የሚችለው ኢንዶቶክሲን (የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ቅርፊት መርዝ) ሲሲአር2ን በፍጥነት ያወርደዋል። ብዙ ላብራቶሪ «ኦቶክሌቭ ተደርጓል» ብሎ ይዘናጋል። የ121 ዲግሪው እንፋሎት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ኢንዶቶክሲኑን አያጠፋም። ብርጭቆ ዕቃውን በደረቅ ሙቀት በ250 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆየው፤ ለቡፈሩ ደግሞ ከኢንዶቶክሲን ነፃ የተባለ ውሃ ግዛ።

ከዘጌ በጀልባ ስትመጣ ደሙን በክትባት ሳጥን በረዶ ላይ አታስቀምጥ። ቅዝቃዜው ፕሌትሌቶችን (ደም የሚያረጉትን ቅንጣቶች) ያነቃል፤ እነሱም ሞኖሳይቱ ላይ ይለጠፋሉ። ከፀሐይ ከልለህ በክፍል ሙቀት አምጣውና ሳይውል ሳያድር ለየው። ፊኮል (የደም ሴሎችን ለመለየት የሚያገለግለው ፈሳሽ) የሚፈልገው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ የባሕር ዳር ሚያዝያ ደግሞ ይህን አይሰጥህም፤ ሴንትሪፊውጁን 20 ላይ አድርገው። ደም እንዳይረጋ ኢዲቲኤ ከተጠቀምክ በመጨረሻ ካልሲየምና ማግኒዚየም ባለው ቡፈር እጠብ፤ ያለ እነዚህ ኢንቴግሪን (ሴሉ የሚጣበቅበት ፕሮቲን) አይሠራም።

የትራንስዌሉ ቀዳዳ 5 ማይክሮን ይሁን። ሁሉም እንዲሻገር ግን አትጠብቅ፦ ሲዲ16 (የሴል ገጽ ምልክት) የበዛባቸው ሞኖሳይቶች ሲሲአር2 ጥቂት ነው ያላቸው፤ እነሱ ሲኤክስ3ሲአር1 በተባለው ሪሴፕተራቸው የሚከተሉት ፍራክታልካይን የተባለውን ሌላ ኬሞካይን ነው። ከጎን አንድ ጉድጓድ ለኤፍኤምኤልፒ (በሌላ ሪሴፕተር በኩል ሴል ለሚስብ ንጥረ ነገር) መድብ። ወደ እሱ ተሻግረው ወደ ኤምሲፒ-1 ከቀሩ ጥፋቱ ከሪሴፕተሩ ወይም ከኤምሲፒ-1ህ ነው፤ ወደ ሁለቱም ካልሄዱ ከሴሉ ወይም ከዝግጅቱ። በሌላ ጉድጓድ ኤምሲፒ-1ን ከላይም ከታችም እኩል አድርግ፤ እዚያም የሚሻገሩ ከሆነ የምታየው አቅጣጫ የሌለው መንቀሳቀስ ነው፣ ከውጤትህ ቀንሰው።